ኬጂና አዲስ ቤት በአንድ መስከረም፦ የቱ ይቅደም?

ጎጆ ወጪ (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ጅማ፣ ሄርማታ በኪራይ ነው ያለነው። ኪቶ በኩል የጀመርነው ቤት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውስጡ ተለስኖ አለቀ፤ የቀረው ቀለም፣ የማዕድ ቤቱ መስመርና ትንሽ የውጭ ሥራ ነው። ግድግዳው ባለ 15 ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ። ሴት ልጃችን 4 ዓመቷን ይዛለች፤ ለኬጂ 1 ያስመዘገብናት አዲሱ ቤት አጠገብ ነው።

ሐሳባችን ለእንቁጣጣሽ ገብተን፣ በዚያው ቤቱን አስመርቀን፣ በማግስቱ ሰኞ ትምህርት ማስጀመር ነበር። እናቴ «በዝናብ አዲስ ቤት አይገባም» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ቤት እያለን የሁለት ወር ኪራይ በከንቱ አንከፍልም ባይ ነው።

ልስን ደርቋል የሚባለው በምን ይታወቃል? ከሰል አንድደን ብናደርቀውስ? ልጅቷን ከሄርማታ እያመላለስን እናስጀምራት ወይስ መጀመሪያ ቤቱን ትልመደው? ለምርቃቱ 60 ሰው ገደማ ይጠራል፤ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ቀኑም ድግሱም ግራ ገብቶኛል።

---

ቱምቢ

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። የሲሚንቶ ልስን በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውኃ እየተረጨበት መቆየት አለበት፤ የሚጠነክረው ያኔ ነው። መድረቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በበጋ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ 4 ሳምንት ይበቃዋል። የጅማ ሐምሌና ነሐሴ ግን አየሩ ራሱ ውኃ የጠገበ ስለሆነ ከግድግዳው የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ 8 ሳምንት ብትይዥለት አልበዛም። ሐምሌ መጨረሻ ያለቀ ልስን ለእንቁጣጣሽ 5 ሳምንቱ ነው። ስለዚህ ቀኑን የሚቆርጠው ግድግዳው እንጂ በዓሉ አይደለም።

በዓይን አትፍረጂ፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጪና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጊው፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይኑር። በ24 ሰዓቱ ተመልከቺ። ከላስቲኩ ስር፣ ማለትም በግድግዳው በኩል፣ ጤዛ ከያዘ ወይም የተሸፈነው ቦታ ከዙሪያው ጠቆር ካለ ውኃው ገና እየወጣ ነው። ጤዛው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ይፈታዋል። ሦስት ቦታ ለጥፊ፦ ከወለሉ 20 ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ ከመስኮት ስር፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ።

የላይኞቹ ደርቀው ከወለሉ አጠገብ ያለው ብቻ ካላበ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የልስን ውኃ ሳይሆን ከመሬት የሚሳብ ነው፤ ዓመት ብትጠብቂም አይደርቅም። ኪቶ ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ይበዛል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። «ትንሽ የውጭ ሥራ» ያልሽው አሸንዳውና በቤቱ ዙሪያ የሚፈሰው አርማታ ከሆነ ትንሽ አይደለም፤ ከቀለሙ በፊት እሱ ይለቅ። ዙሪያው ቢያንስ 80 ሳንቲ ስፋት ይኑረው፣ በያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የአሸንዳው ውኃ ወርዶ መሠረቱ ሥር ሳይሆን ቦዩ ውስጥ ይግባ። ሰው አሸንዳ አሠርቶ መውረጃውን ከግድግዳው ሥር ሲያቆመው ይገርመኛል፤ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ማፍሰስ እኮ ነው።

ከሰሉን ተዪው። በሩን ዘግተሽ ያነደድሽው ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ እዚያ ክፍል የተኛ ጥበቃ ወይም ቀለም ቀቢ ላይነሳ ይችላል። ልስኑንም ይጎዳዋል፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። የሚሻለው ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት፣ ተቃራኒ መስኮቶችን ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ፣ ሲያጉረመርም መዝጋት ነው። ሲዘንብ ተከፍቶ ያደረ መስኮት የቀኑን ሥራ ያበላሻል።

ቀለሙ የመጀመሪያ እጁ የውኃ ቀለም ሆኖ ቀጠን ብሎ ይቀባ። የዘይት ቀለም ባልደረቀ ልስን ላይ ከተቀባ ውኃውን ያፍነዋል፤ ኅዳር ላይ ፊኛ እየሠራ ይላጣል፣ ነጭ ጨውም ይተፋል። ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ይራቁ፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከጀርባቸው ነው።

---

የኬጂዋ

ስለ ልጅቷ። ሁለቱን ለውጥ በአንድ ሳምንት አታድርጊባት። በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት ይኑር፤ የትኛውም ቢቀድም ይህ አይለወጥ።

ወላጅ የመጀመሪያውን ቀን ነው የሚፈራው። ብዙ ልጅ ግን የሚቸገረው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ አዲስነቱ ያልቅና «ነገም ነው እንዴ?» ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ እየሳቀች የገባች ልጅ ያኔ በር ላይ አልገባም ትላለች፣ ሌሊት ልትሸና ትችላለች፣ ትታ የነበረውን ጡጦ ትጠይቃለች። ከሦስት ሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ አብዛኛው ይረጋጋል። ያ ሳምንት ዕቃ ከሚጫንበት ሳምንት ጋር ከገጠመ ልጅቷ ያለቀሰችው በትምህርቱ ይሁን በቤቱ አታውቂም፣ መፍትሔውም ይጠፋብሻል።

ግድግዳው እስከ ጥቅምት አጋማሽ የማይደርስ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፦ በመስከረም ከሄርማታ እየተመላለሰች ትጀምር፣ ጥቅምት ላይ ትግባ። ያኔ ት/ቤቱ የለመደችው ቦታ ይሆናል፤ ቤቱ ቢቀየርም መምህሯና ጓደኞቿ አይቀየሩም።

አሁን በቀረው ጊዜ እነዚህን አለማምጃት። ምሽት 2 ሰዓት መተኛት፣ ጠዋት 12፡30 መነሳት፤ በየሁለት ቀኑ ሩብ ሰዓት እያሳጠርሽ አምጪው እንጂ በጳጉሜን አንድ ሌሊት አይሆንም። ሱሪው ወገቡ ላስቲክ ይሁን፤ ቀበቶና ቁልፍ ያለው ሱሪ እስኪፈታ ሽንት ቤት በር ላይ ያመልጣታል። ጫማው የሚለጠፍ እንጂ የሚታሰር አይሁን። ቤታችሁ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ከሆነና የት/ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ከሆነ ቀድማ ትየው፤ ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው የሚውሉ ልጆች ብዙዎቹ ቀዳዳውን ፈርተው ነው።

ምሳ ዕቃውን ራሷ ትክፈተው ትዝጋው። ሳህኑ ያምራል ተብሎ የተገዛ፣ ክዳኑ ግን የአዋቂ አውራ ጣት የሚፈልግ ዕቃ ልጅን ያስርባል። ወጥ የበዛበት ፍርፍር እስከ ምሳ ይኮመጥጣል፤ ደረቅ ያለ ይሻላል፦ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ። መጠኑ ቤት ከምትበላው በግማሽ ይነስ፤ በመጀመሪያው ወር ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያዩ ብዙ አይበሉም።

በር ላይ ስንብቱ አጭር ይሁን። ዞር ስትል አምልጦ መጥፋት ግን አይገባም፤ በማግስቱ እጅሽን አትለቅም። «ምሳ በልታችሁ፣ ተጫውታችሁ ስታበቁ እመጣለሁ» በያት፤ «በ9 ሰዓት» ለ4 ዓመት ልጅ ምንም አይነግራትም። ባልሽበትም ጊዜ ድረሺ። የሚያደርሳትና የሚያመጣት ሰው ለሦስት ሳምንት አይለዋወጥ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እስከ እረፍት ብቻ እንድትቆይ ት/ቤቱን ጠይቂ፤ አብዛኛው እሺ ይላል፣ ካልተጠየቀ ግን አያነሳውም።

ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የምትሰማ ከሆነ የክፍሏ ልጆች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሚሆኑ አራት ነገር ትያዝ፦ ቢሻን ውኃ፣ ማና ፊንጫኒ ሽንት ቤት፣ ና ቤላኤ ራበኝ፣ ና ዹኩባ አመመኝ። ሌላውን በሁለት ወር ከጓደኞቿ ትወስደዋለች።

ወረቀቱ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ። ሆስፒታል የሰጠሽ የልደት ማሳወቂያ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ እሱን ይዘሽ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄደሽ ነው የምታስመዘግቢው። ይህን ከሄርማታ መሸኛ ሳታወጪ ጨርሺው፤ በሁለት ቀበሌ መካከል የቆመ ፋይል መንገላታት ነው። ክትባቱ ላይ በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጡት ሁለቱም የኩፍኝ ክትባቶች መመዝገባቸውን እዪ። ሁለተኛው ብዙ ካርድ ላይ ባዶ ነው።

---

የሰፈሩ

በኪቶ ጭቃ ከሄርማታ በባጃጅ 5 ሳምንት? ኪራይ፣ የኮንትራት ባጃጅ፣ የጠዋት እንቅልፍ፣ ሁሉም ይደመር። ልጅቷ 4 ዓመቷ ነው። በአዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት ነው፣ 1ኛ ክፍል በ7 ዓመት። የኬጂ 1 አንድ ወር ቢያመልጣት የሚጎድላት ነገር የለም። መጀመሪያ ቤቱ ይድረቅ፣ ጥቅምት ላይ ይግቡ፣ ኅዳር ላይ ትጀምር።

---

የኬጂዋ

@የሰፈሩ ስለ ዕድሜዋ ያልከው ልክ ነው፣ ፊደል አያመልጣትም። የሚያመልጣት ሌላ ነው። በመስከረም ሁሉም አዲስ ነው፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ መምህሯም ሥራዋ ማባበል ነው። ኅዳር ላይ ብቻዋን የምትገባ ልጅ ግን ቡድናቸውን ለይተው የተቀመጡ 30 ልጆች ውስጥ ነው የምትገባው፤ የምታለቅሰውም ብቻዋን ነው። ይቻላል፣ ግን ይከብዳል። ት/ቤቱ የተመዘገበችበትን ቦታ እስከዚያ የሚይዝላት መሆኑንም መጠየቅ ነው።

ባጃጁ ላይ ግን እስማማለሁ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተፈቀደው ከኋላ 3 ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት ኮንትራት የሚይዙት አምስት ስድስት ልጅ ሲጭኑ ታያላችሁ። ከሹፌሩ ጎን በጭራሽ አትቀመጥ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አንድ አዋቂ አብሯት ይሂድ። ለዝናቡ ጃንጥላ ሳይሆን የዝናብ ልብስና ቦቲ፣ ከቦርሳዋ ውስጥ አንድ ቅያሪ ካልሲና ሱሪ በፌስታል።

---

ፌዝ

«የማዕድ ቤቱ መስመር ቀርቷል» ያልሽው ላይ ልግባ፤ አዲስ ቤት ውስጥ የሚቃጠለው እሱ ነውና።

የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ጋገራ ሳይቋረጥ። ከተራ ሶኬት ከተሰካ መጀመሪያ የሚቀልጠው ገመዱ ሳይሆን የሶኬቱ መያዣ ነው፤ ላልቶ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ሽታው የሚሰማሽ መጨረሻ ላይ ነው። ለምጣዱ ብቻውን ከማከፋፈያው የሚነሳ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር ይሁንለት። «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረ» ብሎ በ2.5 ሽቦ ላይ 25 የሚያስገባ ሠራተኛ ካጋጠመሽ አስቁሚው፤ ያኔ ብሬከሩ መጠበቁን ይተወዋል፣ ሽቦው ነው የሚቃጠለው። ኧርዙም (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ መስመር) ይቀበር እንጂ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ተቆርጦ አይቅር። ይህን ካላስከፈትሽ አታውቂውም።

ልስኑ ሳይደርቅ ሶኬትና ማብሪያ አታስገጥሚ፤ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ነካ ሲያደርጉት ይነዝራል። የ4 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የታች ሶኬቶች መክደኛ ይኑራቸው።

ሮቶ ከተከላችሁ መጀመሪያ ይታጠብ። 1,000 ሊትር ሞልታችሁ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 ሊትር ጨምሩበት፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ሁሉንም ድፉት፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። ያን ውኃ ማንም አይጠጣውም፣ ችግኝም አታጠጡበት።

ደግሞ ከመጋረጃ በፊት አጎበር። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር የወባ ወራት ናቸው፤ አዲስ ሰፈር ላይ ያልተደፈነ ጉድጓድና የሠራተኛ ውኃ በርሜል ትንኝ ይፈለፍላል።

---

አቦል

ልጄ፣ የምርቃቱን ቀን እኔ ልንገርሽ። ጥቅምት አጋማሽ ብትገቡ ወዲያው አትጥሩ፤ ዕቃው ቦታ ይያዝ። የጽጌ ጾም እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ግዴታ ባይሆንም የሚጾም እንግዳ አይጠፋም። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ከኅዳር 6 እስከ 14 ያለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው ቀንሽ። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ ዓርብ ከጾሙም በላይ ሙስሊም እንግዶችሽ ጁምዓ ላይ ናቸው። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ ከንግሥ ሲመለሱ ደክመው ስለሚመጡ በእሱ ላይ አትደርቢው።

የቤቱ ጸሎት ወይም ዱዓ ጠዋት ከቅርብ ቤተሰብ ጋር ያልቅ፤ እንግዳው ከ7 ሰዓት በኋላ ይምጣ።

ድግሱን ከሁለት በአንዱ መንገድ ማዘጋጀት ትችያለሽ። ሥጋ ካላችሁ እርዱ ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ የሚያነሱት ሴቶችም ይለዩ። አንድ ጭልፋ ከዚህ ድስት ወደዚያ ከገባ የለፋሽበት ቀረ፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርሽም፣ እንጀራውን በጎመን በልቶ ይሄዳል። ቦታ ከጠበበሽ ሁሉንም በአንድ ገበታ የሚያበላው የጾም በያይነት ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ በዘይት። ያኔ ማን ከየት እንደሚያነሳ አትጨነቂም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እንጀራ ለሰው ሁለት ሁለት፣ በላዩ 20 መጠባበቂያ፤ 140 ማለት ነው። በአዲስ ምጣድ ይህን ሁሉ አትጋግሪ፤ በጎመን ዘር ካሟሸሽው በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ እዘዢው። ለሚጠጡት ጠላ፣ ለማይጠጡት ቀሪቦ፣ ማሰሮዎቹም በሩቅ ይቀመጡ።

ቡናው ላይ በጅማ አይታፈርም። ለ60 ሰው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል፦ ሲቆላ ስድስተኛውን ያህል ይቀንሳል፣ ለአንድ ስኒ አቦል 8 ግራም ያህል ይገባል። የቀረው ዘግይቶ ለሚመጣው ነው። ዋናው ጭንቅ ጀበና ነው። 15 ስኒ የሚቀዳ ጀበና አራት ካልሆነ ሁለተኛው ረድፍ ቶና ሲጠጣ አራተኛው አቦል ይጠብቃል። አዲስ ጀበና ከሆነ ከሳምንት በፊት አሟሽው፤ ያለዚያ ቡናው ሸክላ ሸክላ ይላል። ማፍያው በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቱምቢ ያለው የከሰል ነገር ለቡናም ይሠራል፣ 60 ሰው በሞላበት ሳሎን ሦስት ምድጃ አይገባም።

---

ጎጆ ወጪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ላስቲኩን ለጥፈን ነበር፤ የላይኞቹ ሁለቱ በግድግዳው በኩል አልበዋል፣ የታችኛው ደግሞ ጠቁሯል። ባለቤቴም አይቶ ዝም ብሏል፤ ኪራዩ ይቀጥላል። በመስከረም ከሄርማታ ትጀምራለች። ሁለት ነገር ብቻ፦ እስከዚያ አዲሱን ቤት ትየው ወይስ አትየው? የታችኛው ጥቁረትስ የመሬት መሆኑን በምን ልለይ?

---

ቱምቢ

አሁን አይለይም፤ ሦስቱም ገና እርጥብ ናቸውና። በዙሪያው ያለውን አርማታና የአሸንዳውን መውረጃ ጨርሱ፣ ከዚያ መስከረም 21 ገደማ እንደገና ለጥፉ፣ በዚያው ቦታ። ላዮቹ ደርቀው ታችኛው ካላበ ከውጭ በኩል የአፈሩ ደረጃ ከወለሉ በስንት ሳንቲ እንደሚያንስ ለኩ። ከ30 ሳንቲ በታች ከሆነ አፈሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ብዙ ጊዜ ከግንባታ የተረፈ አፈርና አሸዋ ነው ግድግዳው ላይ ተቆልሎ የሚያረጥበው። እሱ ሳይነሳ ውስጥ በኩል እንደገና መለሰን ገንዘብ መጣል ነው።

---

የኬጂዋ

ትየው። በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ያህል፣ የራሷን ክፍል እያሳየሻት፤ ግን «እዚህ ስትገቢ ትልቅ ልጅ ትሆኛለሽ፣ አታለቅሺም» የሚል ነገር አትጨምሪ። በመግቢያው ቀን መጀመሪያ የሚገጣጠመው የእሷ አልጋ ይሁን፣ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ግቡ፤ ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሌሊት ታገኛለች። የምትተኛበት ብርድ ልብስ ሳይታጠብ ይምጣ፣ ሽታውን ታውቀዋለች። ለሹፌሩና ለመምህሯ የምትወሰድበት ቤት መቀየሩን በወረቀት ጽፈሽ ስጪ፤ በቃል የተነገረው ሰኞ ማታ ይረሳና ልጅቷ ሄርማታ ትወሰዳለች።